መምህር ሙሉወርቅና ሁሉ የሚሸነፍላት ልጅ

የመርሳ ሰው «ሲስተሮቹ ጋ» ብሎ በሚጠራው የካቶሊክ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሙሉወርቅ የምትባል የአራተኛ ክፍል አስተማሪ አለች። ውርጌሳ ተወልዳ፣ ወልድያ ተምራ፣ መርሳ አግብታ፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ጠመኔ ስትጨብጥ የኖረች ሴት ናት። ሲስተሮቹ ጋ ከመምጣቷ በፊት በመንግሥት ትምህርት ቤት ስታስተምር ስለ ኖረች፣ ከከተማው ጎልማሳ ግማሹን ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ገበያ ስትወጣ ባጃጅ የሚነዳውም፣ ሥጋ የሚመዝነውም «መምህር» እያለ ከመንገድ ይነሳላታል። እሷ ግን ለሰላምታው መልስ ከመስጠቷ በፊት፣ «አንተ፣ ያ የእጅ ጽሑፍህ ተሻሻለልህ?» ትላለች።

ዘንድሮ በኅዳር ሌላ ሥራ ተደረበላት። የቤተ ክርስቲያኒቱ የትምህርት ክፍል በየትምህርት ቤቱ አንድ የተማሪዎች ደህንነት ተጠሪ ይኑር ብሎ ወሰነ። ርእሰ መምህርቷ ሲስተር ፀሐይ ዞር ዞር ብላ ሙሉወርቅን መረጠች። ደሴ ሄዳ ሁለት ቀን ሠለጠነች፤ ስትመለስ አምስት ፊቶች የተሳሉበት ሰሌዳ፣ አንድ እቅፍ ቅጽና ቀድሞ መጥረጊያ ይቀመጥባት የነበረች ጠባብ ክፍል ቁልፍ ያዘች። ከዚያ በላይ የተጨመረላት ነገር የለም።

የሰሌዳው ነገር መጀመሪያ ላይ ደስ ብሏት ነበር። ልጁ ጠዋት ሲገባ በጠባቧ ክፍል በኩል አልፎ ስሙ የተጻፈበትን የልብስ መቆንጠጫ ከአምስቱ ፊቶች ስሜቱን በሚመስለው ላይ ይሰካል። የመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም የሚስቀው ፊት ላይ ሰኩ። በሁለተኛው ሳምንት ጀብሪል የሚባለው ልጅ የሚያለቅሰው ፊት ላይ ሰካ። ወደ ጠባቧ ክፍል ጠርታ ብትጠይቀው የሚወዳት ፍየል ተሸጣለች። አጽናናችው፤ አንድ ብስኩትም ሰጠችው። በማግሥቱ ከአርባ ሦስቱ ልጆች ሠላሳ አንዱ የሚያለቅሰው ፊት ላይ ተሰክተው አገኘቻቸው። ብስኩቱን እስክታስቀር ድረስ ሲስተር ፀሐይ ቁጥሩን ለወሩ ሪፖርት ወስዳ ልካው ኖሮ፣ ከላይ ስልክ ተደወለ፤ መርሳ ምን መዓት ወረደባት ተብሎ።

ሙሉወርቅ ያን ዕለት ቤቷ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ቤቷ ውስጥ የሚያነጋግራት ሰው የለም። ባለቤቷ ካረፈ አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። የሱ ወንበር በነበረበት አለ፤ የልጆቹን ደብተር ለእርማት የምትቆልለው እዚያ ላይ ነው።

የጥር ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ግን ከብስኩት የከበደ ነገር መጣ።

ከክፍሏ ልጆች አንዷ ሶስና ትባላለች። ዐሥር ዓመቷ ነው። እናቷ ሰላማዊት ጅዳ በሰው ቤት ትሠራለች፤ አባቷ ሮቤል የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሶስና የምትኖረው የአባቷ ወንድም ዓለምነህ ጋ ነው፤ ዓለምነህ አስፋልቱ ዳር ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው። ሮቤል ከሚሌ ወዲያ ማዶ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ሬሳው መርሳን በሌሊት አልፎ ግራና፣ አባቱ አገር፣ ተቀበረ። ሶስናን ግን አባትሽ ጅቡቲ ወደብ ላይ ሥራ በዝቶበታል፣ እዚያ ስልክ አይሠራም አሏት።

አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ደንብ አለ። መርዶ እንዲያው ዝም ብሎ አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይቆማል፣ ጎረቤት ይጠራል፤ ገና ጎሕ ሲቀድ በር ይንኳኳል። የሚረዳው ሰው ሲወድቅ የሚይዙት እጆች አስቀድመው እዚያ መገኘት አለባቸው። የሚይዘው ሳይኖር ሰውን ማርዳት ከገደል እንደ መጣል ነው። እጆቹ እስኪሟሉ ድረስ የሰማው ሁሉ አፉን ይይዛል።

ዓለምነህ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ የነገራቸውም ይኸንኑ ነበር። ልጅቷ ከሰማች እናቷ እሁድ እሁድ ስትደውል ማፈንዳቷ አይቀርም፤ ሰላማዊትም በሰው አገር፣ በሰው ጓዳ፣ ብቻዋን ትሰማለች። ማን ይይዛታል? አሠሪዋ ከረመዳን በኋላ እለቅሻለሁ ብላታለች። ስትመጣ እናትና ልጅ አንድ ላይ ይረዳሉ። እስከዚያ ትምህርት ቤቱ ቃል ይስጠኝ አለ። ሲስተር ፀሐይ ቃል ሰጠች፤ ሙሉወርቅም ሰጠች። ነገሩ አግባብ ነበረውና።

ስሕተት የሠራችው ከዚያ በኋላ ነው። ሶስናን ጠመኔ እንድታመጣ ወደ ቢሮ ልካ፣ ለቀሩት ልጆች ጓደኛችሁን አታስቀይሟት፣ አትጣሏት፣ ምክንያቱን አትጠይቁኝ አለቻቸው። ልጆቹ አልጠየቋትም። ያልሰማ ልጅ ስላልነበረ የሚጠይቅም አልነበረም። ግን ቃሏን ፈጸሙ፤ ሙሉወርቅ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያዘዘችው ትእዛዝ እንደዚያ ተፈጽሞላት አያውቅም።

ሶስና ሰኞ ማክሰኞ ስትጫወት መስመር ረገጠች አልረገጠች በሚል ጠብ የምትታወቅ ልጅ ናት። በተለይ ከፈይሩዝ ጋር። ፈይሩዝ ከዓለምነህ ጋራዥ አጠገብ የመኪና ዘይት የሚሸጠው የሙባረክ ልጅ ናት። የሁለቱ ጠብ ከትምህርት ቤቱ ደወል ባልተናነሰ የታወቀ ነበር፤ ዕረፍት ማለቁን የሚያውቁት ፀጉር ለፀጉር ሲያያዙ ነው። አሁን ግን ሶስና መስመሩን በእግሯ ሙሉ ብትረግጥም ፈይሩዝ «አልረገጥሽም» ትላለች። ጀብሪል ማንጎ ልጦ ሥጋውን ለሶስና ሰጥቶ ፍሬውን ለራሱ ይመጥጣል። የቤት ሥራ ያልሠራ ሲቆጠር የሷ ስም ይዘለላል። ዘበኛው ጋሽ ኢስሐቅ ደግሞ በየጠዋቱ በሩን ሲከፍትላት አንገቱን ደፍቶ ከንፈሩን ይመጥጣል። አንድ ቀን እንዲያውም «እግዜር ያጥ…» ብሎ ጀመረና ደንግጦ «ያሳድግሽ» ብሎ ጨረሰው።

ሙሉወርቅ በመስኮት ሆና ይኸን ታያለች። ይህን ነገር ከዚህ በፊት አይታዋለች፤ ያየችው ግን ከሌላኛው ወገን ሆና ነው።

ባለቤቷ የሞተው መንገድና ስልክ በተዘጋበት በዚያ ዓመት፣ ለሕክምና ደሴ እንደ ሄደ ነው። በእግራቸው የመጡ ሰዎች ወሬውን ለመርሳ አደረሱ። እሷ ጋ ግን አልደረሰም፤ መንገድ ሲከፈት እህቷ ከወልድያ እስክትመጣ ይቆይ ተባለ። አራት ወር ቆየ። በነዚያ አራት ወራት ቲማቲም ሻጯ፣ በሌላ ጊዜ ምርቃት ሲጠይቋት ሽንኩርት እንደ ገባበት ዓይን የምትጨማደደው ሴትዮ፣ ሳትጠየቅ ሁለት ሁለት ፍሬ ትጨምርላት ነበር። ሙሉወርቅም ዘንድሮ ቲማቲም ረክሷል ብላ ለባሏ አንድ ብርጭቆ ድልህ አዘጋጅታ አስቀመጠችለት። ሲነግሯት መጀመሪያ ትዝ ያላት ያ ብርጭቆ ነው። ከዚያ ወዲህ ሻጯ ዘንድ ሄዳ አታውቅም፤ ሴትየዋ ምንም አላጠፋችም፤ ግን አትሄድም።

ረመዳን ገባ፤ ወጣ። ሙሉወርቅ ጋራዥ ሄዳ ጠየቀች። ዓለምነህ ከመኪና ሥር ሆኖ አሠሪዋ አሁን ደግሞ ከሐጅ በኋላ ማለቷን ነገራት። ሐጅ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። እንግዲያው አንድ መላ ፈልግ አለችው፤ ነገ እናየዋለን አላት። በማግሥቱ ሄደች፤ ነገ አላት። ለሲስተር ፀሐይ ብታመለክት፣ ሲስተር መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን አሸች። እምድብር ባደገችበት ቤትም ደንቡ ያው እንደ ሆነ፣ ቤተሰብ ሳይፈቅድ ትምህርት ቤት መርዶ እንደማይነግር አስረዳቻት። ገዳማቸው ውስጥ ለነፍሱ ቅዳሴ ማስቀደሳቸውንም በሹክሹክታ ጨመረችላት። ይኸን ተናግራ ስታበቃ፣ የሐዘን ድጋፍ ቅጽ ከላይ እየተጠየቀ ነውና ቶሎ ሙይልኝ አለቻት።

ቅጹ የሚጠይቀው እንዲህ ይላል፦ ተማሪው ሐዘኑን ለሚያምነው አዋቂ ገልጿል ወይ? ሙሉወርቅ ብዕሩን ይዛ፣ «ሐዘኑን መች ሰማና» አለች። ቅጹም ዝም አለ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዘጠኝ ሳምንት ሞላ። በዘጠነኛው ሳምንት ረቡዕ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ሶስና ፈይሩዝን በጥፊ መታቻት።

በጨዋታ መካከል አልነበረም። ሶስና ሆን ብላ የፈይሩዝን ጠጠር አንሥታ አጥር ማዶ ወረወረችው። ፈይሩዝ «ይሁን፣ ሌላ አመጣለሁ» አለች። ሶስና መስመሩን በእግሯ አበሰችው። ፈይሩዝ «እንደገና እናሰምረዋለን» አለች። በዚህ ጊዜ ነው የመታቻት። ፈይሩዝ ጉንጯን ይዛ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ፣ «አላመመኝም» አለች። ሌላ ልጅ የከሰሰ የለም። ጋሽ ኢስሐቅ ነው ሁለቱንም በእጃቸው ይዞ ወደ ጠባቧ ክፍል ያመጣቸው።

ሙሉወርቅ ፈይሩዝን አይታ፣ ፊቷን እንድትታጠብ ላከቻት። ሶስና ቀረች። ተቀመጪ ብትባልም አልተቀመጠችም። የደንብ ልብሷን ጫፍ በጣቷ እየጠቀለለች ቆመች።

«ቲቸር፣ ማን ነው የሞተብኝ?» አለች።

ሙሉወርቅ ሰምታ እንዳልሰማች ሆና፣ ምን አልሽኝ አለቻት። ልጅቷ አልደገመችውም። ይልቅ እንደ ቤት ሥራ መልስ አንድ በአንድ ትቆጥር ጀመር። ጋሽ ኢስሐቅ ያላትን ሰምታለች። ፈይሩዝ ሆን ብላ ትሸነፍላታለች። የዓለምነህ ሚስት የራሷን ልጆች ትቆነጥጣለች፣ እሷን ግን አትነካትም። አንቱም የቤት ሥራዬን አይጠይቁኝም አለች። አምና ከበታቻቸው ክፍል ያለ አንድ ልጅ እናቱ ስትሞት እነሱም እንዲህ አድርገውለት ነበር፤ ራሷም ጠመኔዋን ሰጥታዋለች።

«አያቴ ናት?» አለች። «እናቴ ናት?»

ማንም አልሞተም ማለት ይቻል ነበር። ዘጠኝ ሳምንት ሁሉም ያለው እሱን ነው። ሙሉወርቅ ግን የልጅቷን አንገት አየች፤ የሚመጣውን በትር እንደሚጠብቅ ሰው ወደ ትከሻዋ ሰብስባዋለች። አፏ ከሐሳቧ ቀደመ።

«እናትሽ ደህና ናት» አለቻት።

ብላ ሳትጨርስ ያደረገችውን አወቀች። አያትሽም ደህና ናቸው ብላ ብትጨምርም ዋጋ አልነበረውም፤ የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሶስና ያንን ስም አልጠራችም። ወደ ግድግዳው፣ ወደ አምስቱ ፊቶች ሰሌዳ ዞረች። አላለቀሰችም። መቆንጠጫዋ የሚስቀው ፊት ላይ ነበር፤ ጠዋት ራሷ ሰክታዋለች።

«እሁድ ስትደውል አልነግራትም» አለች በመጨረሻ። «እዚያ ብቻዋን ናት።»

ሙሉወርቅ ብዙ ነገር ችላለች፤ ይኸን ግን አልቻለችም። ለልጅቷ ይከብዳል፣ ልጅ አትችለውም እየተባለ ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ ጎልማሳ ሁሉ ሲሸሽ የከረመውን ነገር፣ ይች የዐሥር ዓመት ልጅ ተሸክማ፣ ከነሱ እኩል ቆማ፣ እሷም አፏን ልትይዝ ነው። ውሃ ቀድታ ሰጠቻት። አቅፋት ትንሽ ቆየች። ከዚያ ሲስተር ፀሐይን ጠርታ ከልጅቷ ጋ እንድትቀመጥ ለመነቻትና በር ላይ ቆማ የሆነውን ነገረቻት። ሲስተር ፊቷ ጠቆረ፤ ቃል ሰጥተሽ አልነበረም ወይ አለቻት።

«ቃል የሰጠሁት ልጅቷ እስክታውቅ ነው» አለች ሙሉወርቅ። «አሁን አውቃለች። ያላወቅነው እኛ ነን።»

ነጠላዋን መስቀልያ አድርጋ አስፋልቱን ይዛ ወረደች። ባጃጅ አልጠራችም፤ ብትቀመጥ ንዴቷ የሚበርድባት መሰላት።

ዓለምነህ እንደ ልማዱ ከሚኒባስ ሥር ነበር። የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ሙሉወርቅ እግሩ አጠገብ ቆማ ውጣ አለችው። ይችን ብሎን ልጨርስ አላት። ውጣ አለችው ደግማ። ድምጿን ሲሰማ ወጣ፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሥቶ ቆመ። ሶስና ማወቋን ነገረችው፤ እንዴት እንዳወቀች፣ ለእናቷ አልናገርም ማለቷንም ሳትደብቅ ነገረችው።

ዓለምነህ መጀመሪያ ተቆጣ። ማን አናግሩ አላችሁ አለ። ሐዘኑ የቤተሰቡ ነው፤ ደንብ የሚባል ነገር አለ፤ ሰላማዊት አንድ ነገር ብትሆን ለዘመዶቿ ምን እመልሳለሁ አለ። ወንድሙ ሲቀበር እንኳ ጮሆ እንዳላለቀሰ፣ ከግራና ሲመለስ ፊቱን በወንዝ ውሃ ታጥቦ ልጅቷ ፊት እንደ ሳቀ ተናገረ። ይኸን ሲል ድምፁ ተሰበረ።

ሙሉወርቅ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ፣ «ዓለምነህ» አለችው። «አራተኛ ክፍል ሳለህ የቤት ሥራህ የት አለ ስልህ ምን ትለኝ ነበር?»

ዓለምነህ እጁን በጨርቁ መጥረግ ቀጠለ።

«ነገ ነበር የምትለኝ። እኔም ልጅ ነው ብዬ ዝም እልህ ነበር። ሳይደርቅ በእርጥቡ ማለትን ያኔ ሳላስተምርህ ቀረሁ። የኔ ጥፋት ነው። ይቺን ልጅ ግን በነገ አታሳድጋትም።»

«እናቷን ማን ይያዝልኝ፣ መምህር?» አለ። «እርሱን ይንገሩኝና ዛሬውኑ ላርዳ። ማን ይያዝልኝ?»

ሙሉወርቅ ንዴቷን ይዛ ነው እንጂ መላ ይዛ አልመጣችም። የመጣላትን ያህል ብቻ፣ በዚያ አገር ከመርሳ የሄደ ሰው ጠፍቶ ነው ወይ አለችው።

በዚህ ጊዜ ከአጠገባቸው ጉሮሮ የሚጠርግ ሰው ተሰማ። የፈይሩዝ አባት ሙባረክ ነበር፤ በሱቁ በር ላይ የዘይት ጀሪካን ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሲሰማ ቆይቷል።

«እህቴ ናጅዋ ጅዳ ናት» አለ።

ሁለቱም ዞረው አዩት። ሙባረክ እዚያ ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ ነው አለ። ከሰላማዊትም ጋር ይተዋወቃሉ፤ ዓርብ ዓርብ ፈቃድ ሲያገኙ የመርሳና የወልድያ ልጆች አንድ ቤት ይገናኛሉ፤ ኢንሻአላህ ብትጠየቅ እምቢ አትልም። ሙሉወርቅ ናጅዋ የሮቤልን መሞት ሰምታ እንደ ሆነ ጠየቀችው።

«ሰምታለች እንጂ፣ መምህር። በሦስተኛው ቀን ነው የሰማችው። ሁሉም ሰምተዋል። ቤተሰቡ አርዱልን እስኪል ነው የሚጠብቁት። ዓርብ በመጣ ቁጥር ሰላማዊትን ሥራ አትንኪ፣ ተቀመጪ እያሉ ያስቀምጧታል።»

«አንተስ ለዓለምነህ ለምን አልነገርከውም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለ ሙባረክ። «በሰው ሐዘን መግባት ነውር አይደለም?»

ሙሉወርቅ ከግድግዳው ተደግፎ ከቆመ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱ ሰዎች ግድግዳ ለግድግዳ ናቸው። ዓለምነህ ዘይት የሚገዛው ከሙባረክ ነው፤ ሙባረክ ባጃጁን የሚያሠራው ዓለምነህ ጋ ነው። ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ አንዱ የሚይዝልኝ አጣሁ ሲል፣ ሌላው እስኪጠይቀኝ ሲል፣ በመካከል አንዲት ልጅ እኩዮቿ ሲሸነፉላት ከርማለች። ባሕሩ ማዶም እንዲሁ እናቷን ሥራ አትንኪ እያሉ ያስቀምጧታል። መርሳ ባሕር ቢሻገርም መርሳ ነው። ልትስቅ ቃጣት፤ ሳቁ ግን ሲወጣ ሌላ ነገር ሆነና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሁለቱም ወንዶች መሬት መሬት አዩ።

«ደውል» አለችው ሙባረክን።

ደወለ። አላነሣችም። መልእክት ላከ፤ ከሰዓት በኋላ ራሷ ደወለች። የስልኩ ንግግር ከአምስት ደቂቃ አልበለጠም። ናጅዋ አምስት ሴቶች ትይዛለች፤ ከመካከላቸው ሰላማዊት ያደገችበት ሰፈር ልጅ አለች፤ ዓርብ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ይሄዳሉ። ለአሠሪዋም ራሷ በዐረብኛ ታስረዳለች። በዚያው ሰዓት እዚህ ሶስና ትረዳ ተባለ።

ሙሉወርቅ ከዚያ ተመልሳ ለሶስና የምትነግራት ጥቂት ነበር። ዓርብ ጠዋት አጎትሽ ያነጋግርሻል፣ እናትሽም እዚያ ብቻዋን አትሆንም፣ እኔም እመጣለሁ አለቻት። ሶስና ማን ማን እንደሚሆን ጠየቀች፤ ስማቸውን አንድ በአንድ ነገረቻት። የፈይሩዝ አክስት አለችበት ስትባል ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ እርጥብ ሆነ። «እኔ እኮ በጥፊ መታኋት» አለች።

ዓርብ ገና ሰማዩ ሳይጠራ የዓለምነህ ግቢ ሞላ። አያትየዋ ከግራና በዋዜማው መጥተዋል። ሙባረክ ከሶላት ወጥቶ በቀጥታ መጥቶ አጥር ሥር ቆመ። ጋሽ ኢስሐቅ ዱላውን ተመርኩዞ፣ ሲስተር ፀሐይ ነጭ ልብሷን ለብሳ ከሴቶቹ ጋ። ዓለምነህ ነው በሩን ያንኳኳው። ሶስና ለብሳ፣ ፀጉሯን ተጎንጉና፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ አገኛት። የሚናገረውን ቃል ከየት እንደሚጀምር ጠፋበትና፣ «ሶሲዬ፣ አባትሽ…» ብሎ ቀረ። እሷ ግን እንደማያውቅ ሰው ጮኸች። የዘጠኝ ሳምንቱን ጮኸችው። አያቷ ያዟት፤ ሙሉወርቅ ያዘቻት። የአገሩ ሴት ሁሉ ያዛት። ዓለምነህም ያኔ ነው እንደ ሰው ያለቀሰው።

ረፋዱ ላይ ናጅዋ ደወለች። ሰላማዊት ወድቃ እንደ ነበር፣ ይዘዋት እንደ ነበር፣ አሁን መናገር እንደምትፈልግ ነገረች። እናትና ልጅ በስልክ ተላቀሱ፤ ማን ማንን እንደሚያጽናና አልተለየም። አሠሪዋ ግን ያው ከሐጅ በኋላ እንዳለች ናት።

ሶስና ከሳምንት በኋላ ትምህርት ቤት ተመለሰች። ሙሉወርቅ ወደ ክፍል ስትገባ ያለ ምንም መግቢያ የቀረባትን የቤት ሥራ ቆጥራ ሰጠቻት፤ አራት ገጽ ነበር። ልጅቷ ፊቷን ቋጠረች። ሙሉወርቅ ለቀሩት ልጆችም አንድ ነገር ተናገረች፤ የዛን ጊዜ ያዘዝኳችሁ ተሽሯል አለች። ገባቸው አልገባቸው አላወቀችም።

በዕረፍት ሰዓት ጠባቧ ክፍል ውስጥ ቅጹን ዘርግታ ተቀመጠች። ድጋፉ የተጀመረበት ቀን ይላል። ምን ይጻፍ? ጋሽ ኢስሐቅን አፉ የሳተው ቀን? ጀብሪል ማንጎውን የሰጠበት? ወይስ ጥፊው? ብዕሩን አስቀመጠች። ሲስተር ፀሐይ ዛሬም ከላይ ተደውሎ እንደ ነበር ስትነግራት ነው የዋለችው።

ከግቢው ጩኸት ተሰማ። በመስኮት አየች። ሶስና በአንድ እግሯ ቆማለች፤ ፈይሩዝ ጎንበስ ብላ በጣቷ መሬት ላይ ታሳያለች።

«ረግጠሻል!»

«አልረገጥኩም!»

«ይኸው ጣትሽ! ሌባ!»

«ሌባ ራስሽ!»

ወዲያው ፀጉር ለፀጉር ተያያዙ። ጋሽ ኢስሐቅ ዱላውን ይዞ ሊገላግል ሲሮጥ፣ ሙሉወርቅ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች።

«ተዉአቸው፣ ጋሼ» አለችው። «ትንሽ ይቆዩ።»